በሰነድ ላይ ያደረ ገንዘብ፦ ባንኮች የያዟቸው የመንግሥት ሰነዶች አያያዝና የዋጋ ትመና

(በሐረር ከተማ በተደረገ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ባንኮች ስለያዟቸው የገንዘብ ሰነዶች አያያዝና ትመና እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ነገሩን ከአዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከዚሁ ከሐረር ለመጀመር ወሰንሁ። ሰነዱ የሚገዛው በዋና ከተማ ቢሆንም፣ የሚገዛበት ገንዘብ የሚሰበሰበው እንደዚህ ባሉ ከተሞች ነውና።

በዚህ ከተማ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ በሒሳብ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የአንድ አፎቻ ገንዘብ ያዥ የነበሩ እናት በየወሩ መዋጮውን ይዘው ይመጡ ነበር። አፎቻ የሐረሪ ሕዝብ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዳበት ማኅበር መሆኑን እዚህ ለተሰበሰብነው ማስረዳት አያሻም፤ ጽሑፉን በሩቅ ለሚያነቡት ግን ከእድር ጋር ይመሳሰላል ብል ይበቃል። አንድ ቀን ደብተራቸውን እየተቀበሉ «ልጄ፣ ይህ ገንዘብ ሌሊቱን የት ነው የሚያድረው?» አሉኝ። «በካዝና ነው፣ እናቴ» አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። መልሴ ግን ትክክል አልነበረም። በካዝና የሚያድረው ከገንዘቡ ጥቂቱ ነው። ከፊሉ በብድር በነጋዴው እጅ፣ ከፊሉ በብሔራዊ ባንክ በተቀማጭነት፣ ከፊሉ ደግሞ መንግሥት «በዚህ ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ በሰጠው ሰነድ ላይ ያድራል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስለ መጨረሻው ነው።

ሐረር ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። የሐረር አሚሮች መሐለቅ የሚባለውን የራሳቸውን ሳንቲም ያሠሩ እንደነበር ይታወቃል። ከጠረፍ ወደዚህ ይመላለስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ግን ሒሳቡን በማርያ ቴሬዛ ብር ያደርግ ነበር። በግንቡ ውስጥ አንድ ዋጋ ያለው ገንዘብ ከግንቡ ውጭ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ የነጋዴው የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ከመጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎቹ አንዱን የከፈተው በዚህችው ከተማ ነው። የዛሬው የባንክ ሒሳብ ሠራተኛም ስለያዘው ሰነድ የሚጠየቀው ያንኑ ነው፤ ይኸውም በመዝገቡ ውስጥ 100 ብር የተባለው ሰነድ ከመዝገቡ ውጭ ስንት ያወጣል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልመለስ። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ የብሔራዊ ባንክን የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲገዙበት ታዘዘ። ወለዱ 3 በመቶ ነበር። በዚያው ጊዜ ባንኩ ለቁጠባ አስቀማጩ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነው። እንግዲህ አስቡት። የአፎቻውን 100 ብር በ5 ተቀብሎ በ3 ማስቀመጥ ማለት፣ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ሳይታሰብ፣ በየዓመቱ 2 ብር ከስሮ ማደር ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰነዱ ወለድ ወደ 5፣ የቁጠባው ወደ 7 ከፍ ሲል ልዩነቱ ያው 2 ሆኖ ቀረ። ግዴታው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ባንኮቹ በእነዚያ ዓመታት አላተረፉም አልልም፤ አትርፈዋል። ትርፉ የመጣው ግን ከብድሩና ከአገልግሎት ክፍያው እንጂ ከሰነዱ አልነበረም። የሰነዱን ኪሳራ ተበዳሪው በብድር ወለድ ከፍሎታል ብል የሚከራከረኝ አይኖርም።

መመሪያው ለአገር ልማት ብድር ገንዘብ ለማግኘት የታሰበ ስለ ነበር፣ ፖሊሲውን መንቀፍ የዛሬው ሥራዬ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የመዝገቡ ነገር ነው። ሰነዱ በመዝገብ ላይ በተገዛበት ዋጋ ተጽፎ አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ማንም አይሸጠውም፤ ማንም አይገዛውም። ስለዚህ ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ሥራው ይዘነጋል። በአንድ ባንክ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ በዓመት መዝጊያ ላይ የሰነዶቹን ዝርዝር ባወጣን ጊዜ፣ ከፊሎቹ የመክፈያ ቀናቸው በመዝገቡ ላይ ጨርሶ እንዳልሰፈረ አገኘን። ገንዘቡ ሙሉ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ ግን መዝገቡ አያውቅም ነበር።

አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ባንኮች ከ2010 በጀት ዓመት ጀምሮ ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ከደረጃዎቹ መካከል 9ኛው፣ ሰነድ ከመተመኑ በፊት «ለምን ያዝኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ወለዱንና ዋናውን እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ለመሰብሰብ ብቻ የተያዘ ሰነድ፣ ከግዢው ዋጋ ተነሥቶ እስከ መክፈያው ቀን በየጊዜው እየተስተካከለ በሚሄድ ዋጋ ይመዘገባል፤ የገበያው መውጣትና መውረድ አይነካውም። ወለዱን ለመሰብሰብም ሲያስፈልግ ለመሸጥም የተያዘው በትክክለኛ ዋጋው፣ ማለትም በዕለቱ ሊሸጥ በሚችልበት ዋጋ ይተመናል፤ ልዩነቱም ወደ ትርፍና ኪሳራ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ካፒታል ሒሳብ ይሄዳል። ከሁለቱ ውጭ የሆነው፣ በተለይም ለንግድ የተያዘው፣ በዕለቱ ዋጋ ተተምኖ ልዩነቱ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ይታያል። አንድ ጊዜ የተመደበውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር የሚፈቀደው ባንኩ ሰነዶችን የሚይዝበት የአሠራር ዓላማ ራሱ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ይህም ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነው። ዋጋ ሲወርድ «ከመጀመሪያውም ልሸጠው አላሰብሁም» ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ በባለሙያዎች መካከል ያለውን ክርክር ላንሣ። ያው ደረጃ ሰነዱ መጀመሪያ ሲመዘገብም በትክክለኛ ዋጋው ይሁን ይላል። 3 በመቶ የሚከፍል ሰነድ በ100 ብር ሲገዛ ትክክለኛ ዋጋው በእርግጥ 100 ነውን? አንደኛው ወገን፣ ይህ ባንኮች ብቻ በግዴታ የሚገቡበት የተለየ ገበያ ስለሆነ የተከፈለው ዋጋ ራሱ ትክክለኛ ዋጋ ነው ይላል። ሌላው፣ ልዩነቱ በግዢው ቀን ኪሳራ ሆኖ መጻፍ አለበት ይላል። እኔ ለመዝገቡ የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ የሁለተኛውን ቁጥር ሳያሰላ የሚያድር ሥራ አስኪያጅ ግን ባንኩን አያውቀውም እላለሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ ያህሉን በአምስት ዓመት የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲያውሉ ታዝዘው ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔውን 15 በመቶ አድርጎ አዲስ አሠራር ጀመረ። ለምሳሌ ያህል በዓመት 9 በመቶ የሚከፍል የ1,000,000 ብር ቦንድ ሦስት ዓመት ቀርቶታል እንበል፤ ገዢው ደግሞ ከሌላ ቦታ 16 በመቶ ማግኘት ይችላል። የሦስቱ ዓመታት ወለድ በዛሬ ዋጋ 202,130 ብር፣ ዋናው 640,658 ብር፣ በድምሩ 842,788 ብር ይሆናል። በመዝገብ አንድ ሚሊዮን የተባለው ሰነድ ዛሬ ይሸጥ ቢባል ከ157,000 ብር በላይ ይጎድለዋል። መንግሥት አንዲት ሳንቲም ሳያስቀር ቢከፍልም እንኳ ዛሬ ለሚሸጠው ጉድለቱ አለ።

«እስከ መጨረሻው ስለምይዘው አይመለከተኝም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አስቀማጩ እስኪመጣ ድረስ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መባቻ በአሜሪካ የሲሊከን ቫሊ ባንክ የደረሰበት ይኸው ነው። ከያዛቸው ሰነዶች አብዛኞቹ የአሜሪካ መንግሥት ወይም መንግሥት የሚደግፋቸው ተቋማት የሚከፍሏቸው ወይም ዋስ የሆኑላቸው፣ ወለድ ዝቅ ባለ ጊዜ የተገዙ ነበሩ። 21 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሰነድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን ባስታወቀ ማግሥት፣ አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው ጠየቁ። በሚቀጥለው ቀን ባንኩ ተዘጋ። ሰነዶቹ መጥፎ አልነበሩም፤ ቀናቸው ከአስቀማጩ ቀን ጋር አልገጠመም እንጂ።

ስለዚህም በሐረር ያለ ባንክ የአስቀማጩን ቀን ማወቅ አለበት። የሐረርጌ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነጋዴው ገንዘቡን ያወጣል። ረመዳንና ዒድ፣ ከዒድ አል ፈጥር በኋላ ስድስት ቀን ተጾሞ የሚከበረው ሸዋሊድ፣ የሐጅም ጉዞ የየራሳቸው ወጪ አላቸው። እነዚህ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ስለሚመጡ፣ በእኛ የዘመን አቆጣጠር ብቻ የተሠራ የጥሬ ገንዘብ ዕቅድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይስታል። የግምጃ ቤት ሰነዶች በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን የሚከፈሉ ናቸው። እነዚህን አሰባጥሮ ገዝቶ፣ ወጪ በሚበዛበት ወር የሚከፈል ሰነድ እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። የአምስት ዓመቱ ቦንድ ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህ ሁሉ ከወለድ ነፃ ለሚሠሩት፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው እንደ ዘምዘም ላሉት ባንኮች የተከለከለ መንገድ ነው። ለእነርሱ ትርፍ ገንዘብን ለአጭር ጊዜ ማሳደር ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው፤ በዚህ ከተማ ከወለድ ነፃ ማስቀመጥ የሚፈልገው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ ለብቻው ንግግር ይገባዋል።

ስለ መንግሥት ሰነድ ሁለት ነገር ብዬ ልጨርስ። አንደኛ፣ «የመንግሥት ሰነድ ስለሆነ የሚጠበቅ ኪሳራ የለበትም» ተብሎ ዜሮ መጻፉን እንተው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገራችን በውጭ ገበያ ለሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በወቅቱ አልከፈለችም። በብር የሚከፈለው ዕዳ ከዚያ የተለየ ነው፤ የሚጠበቀው ኪሳራም እጅግ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱ ተሰልቶ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ እስከ መክፈያው ቀን የሚያዝ ሰነድ እንኳ ትክክለኛ ዋጋው በሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ ላይ እንዲገለጽ ደረጃዎቹ ያዝዛሉ። ከግዴታው ነፃ የሚያደርገው የመዝገቡ ዋጋ ከትክክለኛው ጋር የተቀራረበ ሲሆን ብቻ ነው። ይህችን «የተቀራረበ ነው» የምትል ዐረፍተ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ስትገለበጥ አይቻለሁ። ከላይ ያሰላነው የ157,000 ብር ልዩነት የተቀራረበ አይባልም። ባለአክሲዮኑ በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥቶ የትርፍ ድርሻ ሲጠይቅ ይህ ቁጥር በፊቱ ሊኖር ይገባል። ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ስለ ተከፈተ፣ «ገበያ የለምና ዋጋ የለም» የሚለውም ምክንያት እየጠበበ ይሄዳል። ግብይቱ ገና ቀጭን ስለሆነ ግን በገበያው የታየ አንድ ዋጋ ሁሉ እውነተኛ ነው ብላችሁ አትቀበሉ፤ ስንት ሰነድ በዚያ ዋጋ እንደ ተሸጠም ጠይቁ።

በየሦስት ወሩ ለዲሬክተሮች ቦርድ የሚቀርበው የሰነዶች ዝርዝር አምስት ዐምድ ይበቃዋል፤ የተገዛበት ቀን፣ የመክፈያው ቀን፣ ወለዱ፣ የመዝገቡ ዋጋ፣ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው። አምስተኛው ዐምድ ባዶ ሆኖ የመጣ እንደሆነ ዝርዝሩ ወደ አዘጋጁ ይመለስ። እኒያ እናት ዛሬ ቢጠይቁኝ የምመልስላቸው ከዚሁ ዝርዝር ላይ አንብቤ ነው።