ሕፃን ሲያቀረሽ

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሕፃን ቅርሻት ነው።

ሕፃን ጡት ጠብቶ ጥቂት ቢያቀረሽ በሽታ አይደለም። የጨጓራው አፍ ገና ስላልጠና ወተቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ሲሞላው ይተወዋል። ስለዚህ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብላችሁ አታስቆርጡት። ደም ፈሶት የሚሞት ሕፃን አለና!

ታዲያ ምን እናድርግ? ትሉን ይሆናል። ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ሲጠግብ ትከሻችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረጋችሁ አስገሱት። ወዲያው አታስተኙት፤ ሲተኛም በጀርባው ይሁን። ያቀረሸበትን ጨርቅ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት።

እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ቅቤም ውሃም አያስፈልገውም። የላም ወተት ሳይስማማው ቀርቶ የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው፣ ሽፍታም የሚወጣበት ሕፃን አለ። ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት አታጠጡት፤ ጡትም አታስጥሉት።

ትውኪያው አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ከከሳ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት። በከንቱ መጣችሁ ብለን አንቆጣም።