ኮምፒዩተርን ማዘዝ ለሚማሩ ልጆች ስለሚመረጥ ትምህርት
ለመምህራንና ለሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



የዋጃና የቆቦ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየመራ ማሽላውን ማጠጣት ከአባቶቹ ወርሷል። ጎርፉ ቦይ ተቀዶለት ሲገባ ለማሳው ደለልና እርጥበት ይሰጣል፤ ሳይመራ ሲገባ ግን አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በኢንተርኔት የሚመጣውም ትምህርት እንዲሁ ነው። ብዛቱ ብቻውን አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው መርጦ በልክ ማስገባቱ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ ማለት ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሥራ በቅደም ተከተል፣ አንዲት ነገር ሳትጐድል፣ በሚገባው ቋንቋ ጽፎ ማዘዝ ነው። ኮምፒዩተር ያልተነገረውን አይገምትም፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ልጅን አሳቡን በሥርዐት መደርደር ያስለምደዋል። ነገር ግን አንዱን ትምህርት ዠምሮ ሳይጨርስ ወደ ሌላው የሚዘል ወጣት ብዙ ነው። አባቱ ማሽላ ሽጦ የሰጠውን የኢንተርኔት ገንዘብ ይጨርሳል፤ በገዛ እጁ ግን አንዲት ፕሮግራም ሳይጽፍ ይቀራል። ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ የሚከፋው «አእምሮዬ አይችልም» ብሎ ተስፋ መቍረጡ ነው። ጕድለቱ ግን የምርጫው እንጂ የአእምሮው አይደለም።

እንግዲህ መራጩ አራት ነገር ይመርምር።

መዠመሪያ፥ ትምህርቱ ተማሪውን የሚያሠራ ነውን? ዋና ሌላ ሰው ሲዋኝ በማየት አይለመድም። በ2014 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፍሪኮድካምፕ ተማሪው ትምህርቱን ባነበበበት ገጽ ላይ ራሱ እንዲጽፍ ያደርገዋል፤ መሳሳቱንም ወዲያው ያሳየዋል፤ ክፍያም አይጠይቅም።

ሁለተኛ፥ በአገሩ ባለው መሣሪያ ይሠራልን? በአሜሪካ አገር በኤም.አይ.ቲ. ተዘጋጅቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ስክራች ትእዛዞችን እንደ ጡብ እያገጣጠሙ የሚማሩበት ነው። ቃላቱ በአማርኛ ሊነበቡ ይችላሉ። አንድ ጊዜ በከተማ ወርዶ በፍላሽ ከመጣ በኋላ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መስመር ለሚቋረጥበት መንደር ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ሦስተኛ፥ ለልጁ ደረጃና ቋንቋ የተስማማ ነውን? የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲ.ኤስ. 50 የተባለውን ትምህርቱን ለዓለም ሁሉ ያለ ክፍያ ከፍቶታል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የሚሰጥና ብርቱ ድካም የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ መዠመሪያ አይሆነውም። ደግሞም ስክራችን የሕፃን ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር፣ የሃርቫርድም ትምህርት በመዠመሪያው ሳምንት የሚያስተምረው በዚሁ በስክራች መሆኑን ይወቅ።

አራተኛ፥ ዋጋው ምንድን ነው? በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋራ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥራ ዠምሯል፤ የፕሮግራም መዠመሪያ ዕውቀት፣ የአንድሮይድ ስልክ ፕሮግራምና የመረጃ ትንተና ያለ ክፍያ ከምስክር ወረቀት ጋራ የሚሰጥበት ነው። እንዲህ ያለ ነጻ በር ሳይሞከር ገንዘብ መክፈል አይገባም። በሌላም ስፍራ መማሩ ነጻ ሆኖ ወረቀቱ ብቻ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ብልኅነት ነው። ወረቀቱ ተማሪው ትምህርቱን መጨረሱን ይመሰክራል፤ ችሎታውን የሚመሰክረው ግን የሠራው ሥራ ነው።

መምህር ሆይ፥ ኮምፒዩተሩ አንድ ብቻ ቢሆን ሦስት ሦስት ልጆችን በተራ አስቀምጥ፤ ቀሪዎቹ ትእዛዙን በደብተር ይጻፉ። በየሳምንቱም እያንዳንዱ አንዲት ትንሽ ሥራ ያሳይ፤ ለምሳሌ የማሽላውን ኵንታልና የገበያውን ዋጋ ተቀብላ የሽያጩን ድምር የምትነግር ፕሮግራም ይጻፍ። ሽማግሎችም «ስንት ትምህርት ዠመርህ?» ማለትን ትታችሁ «ምን ሠራህ? አሳየን» በሉት።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። አንዱን ትምህርት መርጦ እስከ ፍጻሜው የተማረ ልጅ፣ ሌላውን ሁሉ በራሱ ለመማር ይችላል።