ቆቃ ሲለቀቅ አምባዛው የት ይገባል?

አቅራቢ፦ ክረምቱ በርትቶ የቆቃ ግድብ ውሃ ሲለቀቅ፣ ወደ ወንጂ የሚወርደው አዋሽ ሞልቶ ይደፈርሳል፤ ብዙ አስጋሪም መንጠቆውን ይሰበስባል። ቸኩሏል። ትልቅ አምባዛ ከመሃል ወንዙ ጋር ሲታገል አይውልም፤ ጎርፉ ትሉን ጠርጎ ወደሚያመጣበት፣ ሣር ወደዋጠው ዳር ይጠጋል። ስለዚህ መንጠቆው ሩቅ አይወርወር። «በድፍርስ ውሃ ምን ያያል?» ለሚሉ፣ አምባዛ በጺሙና በማሽተት ያድናል፤ የሚሸት የሥጋ ቁራጭ ይበቃዋል። ስለ ትራውት ብናወራ ክርክሩ ያስኬድ ነበር፤ እሱ ግን የባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ዓሣ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ አደጋው ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ግድብ ውሃ ሲለቅ አስጋሪን አያማክርም፤ አዞም ዳሩን ይወዳል። እንግዲህ ውሃው እየጨመረ ሳለ መራቅ፣ ሞልቶ ሲረጋ ደግሞ ከፍ ካለ ደረቅ ቦታ ሆኖ መጣል ነው።