ዕርቅ በፊርማ ብቻ አያልቅም
(በአምቦ በሰፈራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ይቅርታ ነው። አስቀድመን ግን የራሳችንን የኮሚቴውን ጥፋት እንናገር። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ድንበር ተጣልተው ነበር። ጠራናቸውና፥ «በሉ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ብለን ቃለ ጉባኤ አስፈረምን፤ መዝገቡንም ዘጋን። ቆይቶ የአንደኛው እናት ሲያርፉ ሌላው መጣ። ድንኳን ተከለ፥ አግዳሚ ተሸከመ፤ ነገር ግን «እግዚአብሔር ያጥናህ» ሳይል ወጣ። ታዲያ ያ ፊርማ ምን ዋጋ ነበረው?

ነገሩን መልሰን ስናየው አጥሩ እንዳለ ቆሟል። የተበደለውን «ተወው» አልነው እንጂ የገፋውን «መልስ» አላልነውም።

ወንጌል እንዲህ አያስተምረንም። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ጌታችን መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስታውስ፥ መባውን ትቶ በፊት ሄዶ እንዲታረቅ አዟል። በሉቃስ ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ በአፉ ብቻ አልተጸጸተም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። የተበደለም ቢሆን ቂም እንዳይዝ ታዟል፤ ለጴጥሮስ የተነገረው ሰባት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሰባ ጊዜ ሰባት ነው።

የአገራችንም ልማድ ይህንኑ ያውቃል። በኦሮሞ የጉማ ሥርዓት ነፍስ ሲጠፋ እንኳ ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ የገዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ ካሣ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በቀል ይቀራል። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደግሞ ከ25 ዓመት በላይ የተለያዩት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ሲታረቁ በቃል ብቻ አልቀሩም። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በፓትርያርክነት ክብር ኖሩ።

እኛም በቅርቡ ከሽማግሌዎች ጋር ሄደን በሁለቱ ጎረቤታሞች መካከል ገመድ ዘረጋን። ድንበር የገፋው «አጥፍቻለሁ» አለና አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለ። ሌላው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ዶማውን አንሥቶ አብሮት ቆፈረ። በዚያ ቤት ቡና ተፈላ። ስለ እናትየውም ያን ጊዜ አብረው አለቀሱ።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። የተኳረፋችሁ ካላችሁ ለቀብር ቀን አታቆዩት። የበደለ ይሂድ፤ የወሰደውን ይመልስ። የተበደለም በሩን ይክፈት። ይቅርታ ማለት ግን ወንጀል መሸፈን አይደለም፤ ለሕግ የሚቀርበው ለሕግ ይቅረብ። ሽማግሌ የፈለገ ለኮሚቴው ይንገረን፤ ቅጣት አንጽፍም፥ ምሥጢርም አናወጣም።

እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልን። ቸር ያሰማን!