የደራሲ የውሎ መዝገብ
ለፈጠራ ጽሑፍ ተመራቂዎች የቀረበ ንግግር

የዚህ ንግግር ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርቱን የፈጸመ ሰው፣ ከነገ ጀምሮ ቀን የሚቆርጥለትም ሆነ ረቂቁን የሚጠይቀው መምህር በማይኖርበት ጊዜ፣ ሥራው ወደፊት መሄዱን ወይም ባለበት መቆሙን በምን ያውቃል የሚለው ነው። ተስፋ የተጣለባቸው ብዙ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያው አጭር ልብ ወለዳቸው በኋላ ድምፃቸው የጠፋው ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያበጁ በመቅረታቸው ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። መልሱም የውሎ መዝገብ ነው፤ የውሎ መዝገብ ማለት ደራሲው በየዕለቱ መቼ ለሥራ እንደተቀመጠ፣ ምን እንደጻፈና የት እንዳቆመ ከነቀኑ የሚያሰፍርበት ደብተር ሲሆን፣ ከተለመደው የዕለት ማስታወሻ የሚለየው የሥራን ሒሳብ ብቻ በመያዙ ነው።

ይህን መዝገብ አጥብቀው ከያዙት ደራስያን መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። ትሮሎፕ እ.ኤ.አ. በ1815 ተወልዶ በ1882 እስኪሞት ድረስ 47 ልብ ወለዶችን የጻፈ ሲሆን፣ በርካቶቹን ያዘጋጀው በ1867 ሥራውን እስኪለቅ ድረስ የፖስታ ቤት ባልደረባ ሆኖ ደመወዝ እየበላ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲጀምር ደብተሩን በሳምንታት ከፋፍሎ በየዕለቱ የጻፈውን የገጽ ብዛት ያሰፍርበት ነበር፤ ገጽ የሚባለው መለኪያ እንደ ጸሐፊው እጅ የሚሰፋና የሚጠብ በመሆኑም አንዱ ገጽ 250 ቃላት እንዲይዝ ወስኖ ቃላቱን እየቆጠረ ይሄድ ነበር። የሳምንቱ አማካይ 40 ገጽ ያህል ሲሆን፣ ወደ 20 የወረደበትም 112 የደረሰበትም ሳምንት አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከጠረጴዛው ላይ ለመገኘት ሲል አንድ አረጋዊ አገልጋዩ ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው በዓመት አምስት ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር፤ ከተነሣም በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን በማንበብና የዐረፍተ ነገሩን ድምፅ በጆሮው በመመዘን ያሳልፍና፣ ከዚያ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር። አንድ ሁለት ቀን ሥራ ከፈታ ባዶው መስመር ከፊቱ ተደቅኖ ዕዳውን እንዲከፍል ይጠይቀዋል፤ ደብተሩን የያዘውም ለዚሁ ነው።

ትሮሎፕ ይህን ሁሉ በግልጽ የተናገረበት የሕይወት ታሪኩ በሞተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲታተም፣ ሥነ ጽሑፍ ከመንፈስ መነቃቃት ብቻ ይፈልቃል ብለው የሚያምኑ አንባቢዎችና ሐያስያን ደራሲውን እንደ ተራ የእጅ ባለሙያ ቆጠሩት፤ ስሙም ለረጅም ጊዜ ተጎዳ። ፍርዱ የተሳሳተ ነበር፤ ምክንያቱም ሐያስያኑ በሰዓት የተለካውን አይተው፣ በየማለዳው ትናንትን በማንበብ ያለፈውን ግማሽ ሰዓት አላዩትም። ሆኖም ተመራቂዎች ከዚህ ታሪክ ሊወስዱት የሚገባው ትሮሎፕ የተጠቀመበትን ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩ የእርሱ ነበር። የሌላውን ሰው ቁጥር የተዋሰ ጀማሪ በሁለተኛው ሳምንት ራሱን ሰነፍ ብሎ ይሰድብና በሦስተኛው ደብተሩን ይዘጋዋል።

ቁጥርን ከመዋስ መጠንቀቅ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው በተለይ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተው፣ በአንድ ወር 50,000 ቃላት የመጻፍ ልማድ ለእንግሊዝኛ ታስቦ የወጣ ልክ ነው፤ በአማርኛ ግን ድርጊት ፈጻሚውም፣ ተቀባዩም፣ አሉታውም በአንድ ግሥ ውስጥ ስለሚጠቃለሉ፣ ያንኑ ነገር ለማለት የሚያስፈልገው የቃላት ብዛት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሥራውን በትዕይንት ቢለካ፣ ማለትም ገጸ ባሕርያት በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ተገናኝተው አንድ ነገር የሚለወጥበትን ክፍል እንደ አንድ ቢቆጥር፣ ካልሆነም የተቀመጠበትን ሰዓት ቢመዘግብ ይሻለዋል።

እንዲህ ያለው ልኬት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገርም አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አድርጎ ባለ ስምንት ቤት እስከሆነው እስከ መወድስ ይዘልቃል፤ ቀን ከሰው ርቆ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ያዘጋጀውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለሆነ፣ የተማሪው እርምጃ የሚታወቀው በየዕለቱ አዲስ ነገር ይዞ በመቅረቡና ከየትኛው የቅኔ ዓይነት በመድረሱ ነው። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ የቅኔ ጉባኤያት ባለቅኔዎችን ያፈሩት በዚህ ዓይነት የዕለት ተዕለት ተጠያቂነት ነው፤ ለብቻው የሚሠራ የዘመኑ ደራሲ ይህ ጉባኤ ስለሌለው በደብተሩ ሊተካው ይገባል።

ደብተሩ ግን የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ያልተሠራበትንም ምክንያት መያዝ አለበት። አሜሪካዊው ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1938 «የቁጣ ወይን ፍሬዎች» የተሰኘውን ልብ ወለዱን አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ሲጽፍ፣ ጎን ለጎን በያዘው መዝገብ የጎረቤቱን ጫጫታ፣ የእንግዶቹን መብዛትና በችሎታው ላይ ያደረበትን ጥርጣሬ አስፍሯል። መጽሐፉ በ1940 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በመዝገቡ ውስጥ ግን ደራሲው ሥራው ከዐቅሙ በላይ መሆኑን ደጋግሞ ይናገራል፤ ይህም ጸሐፊ በሥራው መካከል ስለ ራሱ የሚሰማው ነገር ስለ ሥራው ዋጋ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ያሳያል። በኢትዮጵያ ኑሮ ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ ማኅበሩና የመብራት መጥፋቱ የሳምንቱን ግማሽ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ምክንያቱን የመዘገበ ሰው የትኛው ሊቀር እንደማይችልና የትኛው ሰበብ ብቻ እንደሆነ ከወር በኋላ ራሱ ለይቶ ያውቃል። ለቅሶ መድረስ ሰበብ አይደለም። ያልተጻፈውን ልብ ወለድ በየካፌው ሲተርኩ መዋል ግን ሰበብ ነው፤ ታሪኩን በአፉ የጨረሰ ሰው ከወረቀቱ ፊት ሲቀመጥ የሚነግረው ስለማይተርፈው፣ ተመራቂዎች ከዚህ ልማድ ከወዲሁ ሊታቀቡ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባውም፤ እርሱም ቀን መጻፍ ነው። ተናጋሪው ባሳለፋቸው የአርትዖት ዓመታት ከእጁ የገቡት ረቂቆች አብዛኞቹ ቀን አልነበራቸውም፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደተጻፈ ባለቤቶቹ እንኳ መለየት ይቸግራቸው ነበር፤ በዚህም የተነሣ የተሻለው ምዕራፍ ተጥሎ የደከመው የታተመበት ጊዜ አለ። ከጥንቶቹ የብራና ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ በመጽሐፉ መጨረሻ የጻፉበትን ዘመን፣ የነገሠውን ንጉሥ፣ ያጻፈውን ሰውና የራሳቸውን ስም ያኖሩ ነበር፤ የዛሬ ተመራማሪ የእነዚህን መጻሕፍት ዕድሜ የሚያውቀው ከዚሁ ነው። በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ግን ፋይሉን በላዩ ላይ በሚያስቀምጥ ቁጥር የትናንቱ ረቂቅ ይጠፋል፤ ከረቂቁም ጋር አንድ ታሪክ እንዴት እንደተለወጠ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ለምን እንደቀረ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተሠራ የሚናገረው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። የትሮሎፕ የሥራ ደብተሮች በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ተማሪ ያጠናቸዋል፤ የአማርኛ ልብ ወለድም ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ዕድሜ አለውና፣ መጻሕፍቱ እንዴት እንደተጻፉ የሚመሰክር መዝገብ ለሚመጣው ትውልድ ሊቀመጥለት ይገባል። ያንን መዝገብ ማስቀመጥ የሚችሉት ደግሞ ገና ያልጻፉት ናቸው።

ስለዚህ ከተመራቂዎቹ የሚጠየቀው ከዐቅማቸው በላይ አይደለም፤ ባለ መስመር ደብተር ገዝተው ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ የተቀመጡበትን ሰዓት፣ የጻፉትንና የተስተጓጎሉበትን ምክንያት እንዲያሰፍሩ፣ እያንዳንዱንም ረቂቅ በተጻፈበት ቀን ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ የመጀመሪያውንም መስመር ለነገ ሳያሳድሩ ዛሬ ማታ እንግዶቻቸውን ከሸኙ በኋላ እንዲጽፉ አደራ ይባላሉ።