ወደ ባሕር የሚወርደው መንገድ

ሐረር ላይ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድንነጋገርበት የመረጥነው ርዕስ የብቻ ጉዞ ነው። ጉዳዩ የተነሣው ከጽሕፈት ቤታችን ነው። ከወጣት ባልደረቦቻችን አንዱ መኪና ተሰጥቶት ከሐረር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተከትሎ እስከ ኦቦክ ድረስ ብቻውን ነድቶ መንገዱን አይቶ እንዲመለስ ጠየቀ። ምክንያቱ ቀላል አልነበረም፤ ከምንሠራባቸው ቀበሌዎች የሚወጡ ልጆች በዚያ መንገድ ወደ የመን እየተሻገሩ ነውና። እኛም ተመካክረን «መሄድህ መልካም ነው፣ ብቻህን ግን አይሆንም» አልነው። ይህን ያልንበትን ምክንያት ለእናንተም ልናስረዳ እንወዳለን።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። ጁገል ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከሐረር ተነሥተን በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ድሬዳዋ እንገባለን። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቷት ያለፈው ይህ ዳገት አስቸግሮት ነው። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ድንበር 220 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ ነው። ጅቡቲ ከተማ ከደረስን በኋላ ባሕረ ሰላጤውን በምዕራብ በኩል ዞረን ወደ ታጁራ ለመሄድ ስንነሣ ግን ምድሩ ሌላ ይሆናል። ዛፍ የለም፤ ጥላ የለም። እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ እስከ ባሕሩ ድረስ ተነጥፏል። አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ በዚያ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ድንጋዩ ገና አዲስ ነው ማለት ይቻላል። በአቅራቢያው ያለው የአሳል የጨው ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከሐረር እስከዚያ ድረስ ስንወርድ ከ2,000 ሜትር በላይ ወረድን ማለት ነው። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከታጁራ ወዲያ ኦቦክ አለች፤ ከኦቦክ በስተሰሜንም ባብ ኤል መንደብ። ትርጉሙ በዐረብኛ «የልቅሶ በር» ነው። የመን ከዚያ ማዶ ትታያለች፤ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በዚህ አገር ብቻቸውን ተጓዙ ስለሚባሉት ሰዎች እንነጋገር።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1854 መጨረሻ ከዘይላ ጠረፍ ተነሥቶ በጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ። በአሚር አህመድ ዘመን ዐሥር ቀን ተቀምጦ ወጣ። ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ደፋር ሰው ብቻውን በረሃውን አቋርጦ እንደመጣ ነው። እርሱ ራሱ የጻፈውን ለሚያነብ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። መሪዎች ነበሩት፤ ምግብ የሚያበስሉለት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ከሁሉም በላይ «አባን» ነበረው። አባን ማለት በሶማሌ ባህል ለእንግዳው ዋስ የሚሆን፣ በጎሣዎቹ ምድር የሚያሳልፈው፣ ከተጠቃም የሚጠየቅለት ሰው ነው። አባን የሌለው መንገደኛ ዘመድ እንደሌለው ይቆጠር ነበር። በመመለሻው ወደ በርበራ ሲገሠግሥ ከጓደኞቹ ጋር በውኃ ጥም ሊያልቁ ደርሰው ነበር። የዳኑት ወደ ማታ ወደ ውኃ የምትበር ወፍ አይተው ስለተከተሏት ነው።

ሁለተኛው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። በስሙ የሚጠራውን በጁገል ያለውን ሙዚየም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሲሆን፣ ቡናና ቆዳ የሚነግድ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በኋላም ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ ታጁራ ጠረፍ ላይ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሲጠብቅ ኖረ። ሊተባበሩት የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች ሞቱበትና ቅፍለቱን ይዞ ወጣ። በእርግጥም ብቸኛ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1891 ጉልበቱ አብጦ መቆም ሲሳነው ከሐረር እስከ ዘይላ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በቃሬዛ የተሸከሙት 16 ሰዎች ናቸው። ዝናብ እየወረደባቸው፣ ድንኳኑ ኋላ ቀርቶ፣ ቁልቁለቱን ተሸክመውት ወረዱ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ37 ዓመቱ ሞተ። የእርሱን ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለ ተሸካሚዎቹ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንገነዘባለን? በዚህ መንገድ ብቻቸውን ተጓዙ የተባሉት እንኳ ብቻቸውን አልነበሩም። ዛሬም ከወደብ እህልና ማዳበሪያ የሚያመጣው የተሳቢ ሹፌር ረዳት ይዞ ነው የሚወጣው። ጎማ ሲፈነዳ ክሪኩን የሚይዘው፣ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ ወሬ እያወራ የሚያነቃው ያ ረዳት ነው። ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ሳምራዊው ቁስሉን አስሮ ብቻ አልተወውም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ የሚጠብቀው ሰው አቆመለት።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ዋናውን ነገር እንናገር። ያንን ጠረፍ ዛሬ በእግራቸው የሚሄዱት ልጆቻችን ናቸው። ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ይመጣሉ። በዚያ ባሕር ከሚሻገሩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በአሳል አጠገብ፣ በዚያ ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ አንድ የውኃ ጀሪካን ተከፋፍለው በቡድን ይጓዛሉ። በቁጥር ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከተናገርንላቸው መንገደኞች ሁሉ ይልቅ ብቸኞች እነርሱ ናቸው። አባን የላቸውምና። ደላላው ዋስ አይደለም፤ ልጁ ቢወድቅ ማንም አይጠይቀውም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ «ኋላ ትከፍላለህ» ብሎ ወስዶ፣ ባሕር ማዶ ሲደርሱ አስይዞ ቤተ ሰቡን ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚያስጠይቅ ነው።

በባሕሩም ላይ የሚሆነውን ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከየመን ሲመለስ የነበረ አንድ ጀልባ ከኦቦክ በስተሰሜን ተገልብጦ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት 1 ቀን ደግሞ ከየመን 310 ሰዎች ጭነው የመጡ ሁለት ጀልባዎች ጠረፉ አጠገብ ሲደርሱ፣ ባለ ጀልባዎቹ መንገደኞቹን ወደ ባሕር እንዲዘሉ አስገደዷቸው። ቢያንስ 45 ሰዎች ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ለመድረስ የቀራቸው የብሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ ለሠራተኞቻችንም ለምእመናንም የምንለው አንድ ነው፤ መንገደኛ ሁሉ የሚጠየቅለት ሰው ይኑረው።

ሠራተኞቻችን ወደ ቆላው ስትወርዱ ሁለት ሆናችሁ ውረዱ። ከመነሣታችሁ በፊት በሚቀጥለው ከተማ ለሚጠብቃችሁ ሰው የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሩት፤ እርሱም ሰዓቱ ሲያልፍ ዝም አይበል። ከራሳችሁ አልፎ መንገድ ላይ ለምታገኙትም የሚበቃ ውኃ ጫኑ።

ምእመናን ሆይ፣ የእናንተ ሥራ ከዚህ ይከብዳል። በየሰፈራችሁ ለመሄድ ያሰበ ልጅ ሲኖር ደላላው ሳይቀድማችሁ አነጋግሩት። በቁጣ አይሁን፤ ልጁ የሚሄደው መሬት አንሶት፣ ሥራ አጥቶ፣ የእናቱን ችግር አይቶ ነው። መንገዱ ምን እንደሆነ ሄዶ የተመለሰ ሰው ይንገረው፤ የተመለሰ ሰው ምስክርነት ከእኛ ንግግር ይበልጣልና። ልቡ ከቆረጠም የቤተ ሰቡን ስልክ በቃሉ እንዲያጠና፣ ኦቦክ ላይ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ያቋቋመው የስደተኞች መርጃ ማዕከል ለመመለስ የሚፈልጉትን ሲረዳ እንደቆየ እንዲያውቅ አድርጉ። የሄደውን ልጅ ስም አትርሱ፤ እናቱን ከሳምንት ሳምንት «ደወለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቋት።

ባዶ እጁን የተመለሰውን ደግሞ «ምን ይዘህ መጣህ?» አትበሉት። ለቤቱ የተበደረው ገንዘብ አለበት፤ ኀፍረትም አለበት። ብዙዎቹ ከተመለሱ በኋላ ዳግመኛ የሚሄዱት በረሃውን ረስተውት ሳይሆን፣ በሰፈራቸው ያለው ዐይን ከበረሃው ስለሚከብድባቸው ነው። በዚህ ወር ከእያንዳንዱ ጉባኤ ሁለት ሁለት ሰዎች ተመርጠው፣ በየቀበሌው የተመለሱትን ቤት ለቤት እንዲጠይቁና ማን ምን ሥራ እንደሚችል ጽፈው ለጽሕፈት ቤታችን እንዲያመጡልን በታላቅ ትሕትና እንለምናለን።