የተጣለና የሰጠመ ጀልባ፦ በግንቦት የሚታይ፣ በመስከረም የማይታይ አደጋ

(ለጣና ሐይቅ ዙሪያ ሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ማዳበሪያ ወይም ምርጥ ዘር አይደለም። ሁላችንም አይተን ስለምናልፈው ነገር ነው። በሐይቁ ዳርና በወንዞቻችን መግቢያ ላይ ተጥለው ስለቀሩ፣ ግማሽ አካላቸው ውሃ ውስጥ ስለገባ፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው ስለሰጠሙ ጀልባዎችና ታንኳዎች ነው። "ይህ የዓሣ አስጋሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?" የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ በሬ ነው።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቀበሌ፣ ከብት በሚጠጣበት የሐይቅ ዳር አንዲት የብረት ጀልባ ነበረች። ባለቤቶቿ ሲበተኑ ሞተሯን ፈትተው ወሰዱ፤ ባዶ አካሏ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በየግንቦቱ ባሕር ሸሽ መሬቱን ለማየት ስወርድ አያታለሁ። ጎኗ ዝጎ ተቀዷል፤ ጠርዙ እንደ ማጭድ ስለት ወጥቷል። ሦስት ዓመት አየኋት። በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ግን ስለ ሽምብራና ስለ ጓያ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ጥቅምት፣ ውሃው ሞልቶ ጀልባዋን ሸፍኗት ሳለ፣ አንድ አባት በሬዎቻቸውን ሊያጠጡ ወረዱ። አንደኛው በሬ ጥቂት እንደ ገባ የፊት እግሩ በብረቱ ተቆረጠ። ጅማቱ ስለተበጠሰ መዳን አልቻለም፤ ለሥጋ በርካሽ ተሸጠ። የሽምብራ እርሻ ጊዜ ነበርና እኒያ አባት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሱ፤ መሬታቸውም ከፊሉ ጦም አደረ።

ልጠይቃቸው ስሄድ እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ አንተ ይችን ጀልባ አይተሃት ታውቅ ነበር?"

"አዎ አባቴ" አልኳቸው።

"እኛስ ለምደናት ረሳናት። አንተ የምትመጣው ልታይ አይደለም ወይ?"

ያን ቀን የምመልሰው አጣሁ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት እናንተም እንደኔ መልስ እንዳታጡ ነው።

ውሃው ለምን ይሸፍነዋል?

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፤ እናንተ የምትጠቀሙበት ዳርቻ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዳር ላይ የሰጠመ ጀልባ የሰው እግር፣ የከብት ሰኮናና የታንኳ ሆድ በሚደርስበት ልክ ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የውሃው ከፍታ መለዋወጥ ነው። የሐይቁ ውሃ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ በጣም ይቀንሳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ በጣም ይሞላል። በግንቦት ደረቅ ላይ ተጋድሞ ያያችሁት ጀልባ በመስከረም ከውሃ በታች ነው። አባቶች "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ" የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ላዩ ጸጥ ያለ ውሃ ከሥሩ ምን እንደያዘ አይናገርም።

በእርሻችሁና በኑሯችሁ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

አንደኛ፣ ሰውንና ከብትን ይጎዳል። የዛገ ብረት፣ የወጣ ምስማርና የተሰበረ ጣውላ እግር ይወጋል። በዛገና በቆሸሸ ነገር የተወጋ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ያሰጋልና። ልጆች ደግሞ የተጣለ ጀልባ ላይ መጫወት ይወዳሉ። የተገለበጠ ጀልባ ሥር የገባ ዋናተኛ ልጅ ለመውጣት ይቸገራል።

ሁለተኛ፣ መጓጓዣን ያውካል። ውሃ ጠጥቶ የከበደ የደንገል ታንኳ ወዲያው አይሰጥምም፤ ከውሃው ወለል ጋር እኩል ሆኖ ይንሳፈፋል። በምሽት ወይም ማዕበል ባለበት ሰዓት የሚመጣ ሰው አያየውም። ገበያ የሚወጣ እህልና ሰው የጫነች ጀልባ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ብትጋጭ ጉዳቱ የአንድ ቤት ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የመስኖ ውሃን ይዘጋል። በወንዝ ወይም በቦይ አፍ ላይ የሰጠመ ጀልባ የውሃውን ፍጥነት ይቀንሳል። ውሃው ሲዘገይ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል፤ መንገድ ሲያጣ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ዳር ዞሮ ያንን ይሸረሽራል። እንደ ርብና ጉማራ ባሉ፣ በክረምት ከአፋቸው ወጥተው ማሳ በሚያጥለቀልቁ ወንዞች አጠገብ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የበሰበሰ ደንገልም ተበጣጥሶ የፓምፕ መሳቢያ ቱቦ ይደፍናል።

አራተኛ፣ ለእምቦጭ መጠለያ ይሆናል። በነፋስ የሚነዳው እምቦጭ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ እዚያው ይቆማል፤ ቆሞም ይራባል። በእጅ ለመንቀል የሚገባ ሰው ከሥር ያለውን ብረት አያየውም፤ ማጨጃ ማሽንም ቢመጣ ሊሰበር ይችላል። እምቦጭ በጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ ጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። በጊዜው ያልተነሣ ትንሽ ነገር በኋላ ስንት ዘመቻ እንደጠየቀን ሁላችንም እናስታውሳለን።

አምስተኛ፣ ዓሣን ያመናምናል። በሰጠመ ጀልባ ላይ የተጠላለፈ መረብ ባለቤቱ ቢተወውም መያዙን አይተውም። በተለይ ሞኖፊላመንት የሚባለው ስስ የፕላስቲክ መረብ ቶሎ ስለማይበሰብስ ዓሣ እየያዘ ይገድላል። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞች ስለሚወጣ፣ በወንዝ መግቢያ ላይ የቀረ መረብ የሚመታው የነገውን ዘር ነው።

ስድስተኛ፣ ውሃውን ይበክላል። ሞተር ወይም ባትሪ ይዞ የሰጠመ ጀልባ ነዳጅ፣ የሞተር ዘይትና አሲድ ይለቃል። ያ ውሃ ከብቶቻችሁ የሚጠጡት፣ አትክልታችሁን የምታጠጡበት ውሃ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ማየትና መመዝገብ። የልማት ቡድናችሁን ይዛችሁ በግንቦት ዳርቻውን በእግር ሂዱ። የተጣለውን ሁሉ ቦታውን፣ ዓይነቱንና የሚታወቅ ከሆነ ባለቤቱን ጻፉ። ዝርዝሩን ለቀበሌ ጽሕፈት ቤትና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ ስጡ፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀሩ።

2. ምልክት ማድረግ። ወዲያው ማውጣት ካልተቻለ አጠገቡ ረጅም እንጨት ትከሉና ጫፉ ላይ ነጭ ጨርቅ እሰሩ። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ እሰሩበት። የገመዱ ርዝመት የመስከረሙን ሙላት አስቦ ይሁን፤ አለዚያ ጀሪካኑም አብሮ ይሰጥማል። ከብት ማጠጫውንም ከዚያ አርቁ።

3. ባለቤቱን መፈለግ። የተጣለ የሚመስል ጀልባ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ባለቤቱ በሽማግሌና በቀበሌ በኩል ይጠራ፣ ጊዜ ይሰጠው። ያለ ቀበሌው የጽሑፍ ፈቃድ ብረት ቆርጦ የሸጠ ሰው ነገ በስርቆት ሊከሰስ ይችላል።

4. በደቦ ማውጣት። ጊዜው ውሃው በሸሸበት ወቅት፣ ክረምት ሳይገባ ነው። መጀመሪያ ነዳጅና ዘይት ካለ ወደ ዕቃ ይቀዳ። ቀጥሎ ውስጡ ያለው ጭቃና ውሃ ይውጣ፤ ሳይቀል የሚጎተት ጀልባ ይሰበራል። ከዚያ ክብ የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ እያስገባችሁ በወፍራም ገመድ ጎትቱ። በሚጎተት ገመድ አቅጣጫ ማንም እንዳይቆም፤ ቢበጠስ ሰው ይጎዳል። ሁሉም የጎማ ቦቲና ጓንት ያድርግ፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ ስላለ ባዶ እግር ውሃ ውስጥ መቆየት አይገባም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለውን ግን እናወጣለን ብላችሁ እንዳትጠልቁ፤ ምልክት አድርጋችሁ ለወረዳ አሳውቁ።

5. የወጣውን በአግባቡ ማስወገድ። የበሰበሰ ደንገል ተከታትፎ ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ኮምፖስት ይሆናል። አብሮ የመጣ እምቦጭ ካለ ግን ለዩት፤ ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ስለሚቆይ ወደ ማሳ እንዳትወስዱት። ጣውላው ምስማሩ ወጥቶ ለአጥር ይሆናል። ፋይበርና ፕላስቲክ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ዳግም እንዳይጣል

ያለውን ማውጣት ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ በዕድራችሁና በማኅበራችሁ የውስጥ ደንብ ማውጣት ነው። እያንዳንዱ ጀልባና ታንኳ የባለቤቱ ምልክት ይኑረው። ያረጀውን ባለቤቱ ውሃው ከመሙላቱ በፊት ወደ ደረቅ ያውጣ። አቅም ያጣ፣ የታመመ ወይም የሞተበት ቤተሰብ ካለ ሰፈሩ በደቦ ያግዘው። ሰው ጀልባውን የሚጥለው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ብቻውን ማውጣት ስላቃተውም ነው።

ሞዴል አርሶ አደር መባል ሌላው ለምዶ ያለፈውን ነገር ቆሞ ማየትና ለጎረቤት መንገር ጭምር ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ የዓለም ሀብት ነው። ጠዋት ጠዋት ከብቱን ይዞ ወደ ውሃው የሚወርደው ግን ከእናንተ ቤት የሚወጣ ልጅ ነው። እኔ ለእኒያ አባት ዘግይቼባቸዋለሁ። እናንተ አትዘግዩ።

ለቡድን ውይይት

ሀ. በሰፈራችሁ የውሃ ዳር ተጥሎ የቀረ ጀልባ ወይም ታንኳ አለ? ባለቤቱ ማነው?
ለ. ከብት የሚጠጣበትና ልጆች የሚዋኙበት ቦታ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል?
ሐ. በዚህ ግንቦት ደቦውን የሚጠራው ማነው? ስሙን ከዚህ ስትወጡ ጽፋችሁ ውጡ።